ጠመንጃን በግል መኪና ስለማጓጓዝና ስለማስቀመጥ



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ፣ ጠመንጃ በአገራችን ሰው ዘንድ ካለው ክብር የተነሣ ተናጋሪውን የሚያስፈራ ነው። ምንሽርና ውጅግራ ከአባት ለልጅ ሲወርዱ የኖሩ ንብረቶች ናቸው፤ ውጅግራ የሚለውም ስም ከፈረንሳዩ ፉዚል ግራ መጥቶ ያገር ቃል እስኪመስል ድረስ ተዋሕዶናል። ስለሆነም ጠመንጃን ልነቅፍ አልመጣሁም። የምናገረው ባለጠመንጃው መኪና በገዛ ጊዜ ስለሚደርስበት አዲስ ነገር ነው።

ቀድሞ መንገደኛው መሣሪያውን በትከሻው አንግቶ ሲሄድ ጠመንጃው ከገላው አይለይም ነበር። ዛሬ ግን ከወንበር ኋላ ይጋደማል፤ ባለቤቱም ቡና ሊጠጣ ሲወርድ ጠመንጃው ብቻውን ይቀራል።

በመጀመሪያ ሕጉን እናንሣ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። የመኪናው ሊብሬና የመንጃ ፈቃዱ መሟላት የጠመንጃውን ፈቃድ አይተካም። ፈቃዱም የተሰጠው ለሰውየው እንጂ ለመኪናው አይደለም፤ ሾፌሩ ብቻውን ይዞት ሲሄድ ኬላ ላይ ቢያዝና «የጌታዬ ነው» ቢል በቂ መልስ አይሆንለትም።

የሌሎችንም አገሮች ሥርዓት መመልከት ይጠቅማል። የጎረቤታችን የኬንያ ሕግ፣ ባለመሣሪያው መሣሪያውን ምን ጊዜም በአስተማማኝ ስፍራ እንዲጠብቅና ፈቃድ በሌለው ሰው እጅ እንዳይገባ እንዲጠነቀቅ ያዛል። ብዙ ዘመዶቻችን በሚኖሩባት በአሜሪካ ደግሞ በ1986 እ.ኤ.አ. የወጣው የፌዴራል ሕግ ከአንድ ስቴት ወደ ሌላው ለሚያልፈው መንገደኛ ጥበቃ ይሰጣል፤ ይኸውም በመነሻውም በመድረሻውም መሣሪያውን መያዝ የተፈቀደለት እንደ ሆነ ነው። ጠመንጃው ጥይት ያልጎረሰ መሆን አለበት፤ ጠመንጃውም ጥይቱም ከተሳፋሪዎች እጅ መራቅ አለባቸው። መኪናው የተለየ የዕቃ ክፍል ከሌለው በተቆለፈ ሣጥን ይቀመጣሉ። ከሾፌሩ ፊት ያለው መሳቢያ ግን ቢቆለፍም እንደ ሣጥን አይቆጠርም። ይህ ለምን እንደ ሆነ ሌቦች ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። አንድ የማውቀው ሰው ለሰርግ ሲጓዝ ክላሽንኮቩን ከኋላ ወንበር አጋድሞ ነበር። ካዝናውን ነቅያለሁና ባዶ ነው ብሎ አምኖ ነበር። ሲደርስ አፈሙዙን ይዞ ወደ ራሱ ሲጎትተው ቃታው በወንበሩ ቀበቶ ተያዘና ተኮሰ፤ ጥይቱ ከጆሮው አጠገብ አልፎ የመኪናውን ጣራ በስቶ ወጣ። ስሕተቱ ቅደም ተከተሉን ማዛባቱ ነበር። ካዝናው ሳይነቀል በፊት ስቦ የጎረሰውን ጥይት አስወጣ፤ መሣሪያውም ወዲያው ሌላ ጎረሰ፤ ካዝናውን የነቀለው ከዚህ በኋላ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ካዝናው ይነቀላል፤ ቀጥሎ ተስቦ የጎረሰው ይወጣል፤ ከዚያም ጥይት የሚጎርስበት ስፍራ በዓይን ይታያል፤ ጨለማ ከሆነ በጣት ይዳሰሳል። ይህም ሁሉ አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ዞሮ፣ መኪናው ሳይነሣ በፊት መደረግ አለበት። የመሣሪያውን ማቆሚያ ብቻ አምኖ ኮረኮንች መንገድ ላይ መሄድ አይገባም።

ጠመንጃውን በብርድ ልብስ መሸፈን መቆለፍ አይደለም፤ እንዲያውም የተሸፈነ ረጅም ነገር ሌባን ይጠራል። ከመኪናው አካል ጋራ በብሎን የታሰረ የብረት ሣጥን ይሻላል፤ ጥይቱም ለብቻው ይቆለፍ። ሌሊት ግን ሣጥኑም አይበቃም፤ መስተዋት በአንድ ድንጋይ ይሰበራል፣ መኪናውም ራሱ ይሰረቃል። ባለቤቱ የሚያድርበት ቤት መሣሪያውም ይደር።

ኬላ ላይ ስትደርሱ እጃችሁን ከመሪው ሳታነሡ መሣሪያ መኖሩን አስቀድማችሁ ተናገሩ። እናሳይ ብላችሁ አታውጡ፤ ፖሊሱ ያዘዘውን አድርጉ።

የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ሆይ፤ የጥበቃ መሣሪያ በመንግሥት መኪና ሲላክ ማን ተረከበ፣ ለማን አስረከበ የሚለው በመዝገብ ይጻፍ። መሣሪያ የጠፋበት ሰው ደግሞ እስኪነጋ ሳይጠብቅ ለፖሊስ ያስታውቅ፤ ሲያስታውቅም የመለያ ቁጥሩን ይጠየቃል። ቁጥሩ የተጻፈው በጠመንጃው ላይ ብቻ ከሆነ፣ ጠመንጃው ከጠፋ በኋላ ሊያነበው አይችልምና፣ ያልጻፋችሁ ዛሬ ማታ በወረቀት ገልብጣችሁ ከቤት አስቀምጡ።