ከአውበሬ የወጣ ልጅ የት ገባ?

(በምሩቃን ማኅበሩ መገናኛ ዕለት የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ጅግጅጋ ሥራሽ ንገሪን» ሲሉኝ የጠበቁት ስለ ኩፍኝና ስለ አተት እንደሆነ አውቃለሁ። እሱም ይመጣል። መንገዱ ግን በሒሳብ በኩል ነው፤ የሒሳብ ክፍል መምህራን ከኋላ ሆናችሁ አትሳቁብኝ።

ከምናውቀው እንነሳ። በአተት ክፉኛ ፈሳሽ ያለቀበት 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው መጣ እንበል። በመጀመሪያዎቹ 30 ደቂቃዎች በኪሎ 30 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 1800፣ ቀጥሎ ባለው ሁለት ሰዓት ተኩል ደግሞ በኪሎ 70፣ ማለትም 4200 ሚሊ ሊትር ሪንገር ላክቴት በደም ሥሩ ይሰጠዋል። አልጋው መሐሉ የተቀደደ ነው፤ ከሥሩ ባልዲ አለ፤ የወጣው ይለካል። ነርሷ የምትሞላው የገቢና ወጪ ቅጽ እኮ የዲፈረንሺያል ኢኩዌዥን የቁጥር ስሌት ነው። ሰውነት ያለማቋረጥ ይቀበላል፣ ያለማቋረጥ ያፈስሳል፤ እኛ ግን ጊዜውን ቆራርጠን፣ በነበረው ላይ የገባውን ደምረን፣ የወጣውን ቀንሰን ወደሚቀጥለው እንሻገራለን። ኦይለር በ18ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው ዘዴ ይኸው ነው። ነገሩ ሲፈጥን እርምጃችንን እናሳጥራለን፤ የእጁ የደም ሥር ምት እስኪጠነክር ድረስ በየ15 እና 30 ደቂቃው ተመላልሰን የምናየው ለዚህ ነው።

እርምጃው ሲረዝምስ? 100 ሚሊ ግራም መድኃኒት በደም ውስጥ አለ፤ በሰዓት የሚወገድበት መጠን 0.5 ነው እንበል። በሦስት ሰዓት እርምጃ ብናሰላ 150 ሚሊ ግራም ቀንሰን ከዜሮ በታች 50 ላይ እንገኛለን። ከዜሮ በታች መድኃኒት ያለበት ደም አይታችሁ ታውቃላችሁ? ትክክለኛው መልስ 22 አካባቢ ነው። ስሌቱን በመጨረሻው ቅጽበት ባለው መጠን ላይ ብንመሠርተው ደግሞ 40 ይሰጠናል። አሁንም ልክ አይደለም፤ ግን ቢያንስ የማይሆን ነገር አይናገርም። ስህተት ከስህተት ይለያል ማለት ነው፦ አንዱ ቁጥሩን ያዛባል፣ ሌላው የተፈጥሮን ሕግ ያፈርሳል።

ሚሜቲክ ፋይናይት ዲፈረንስ የሚባለው ዘዴ የተነሣው ሁለተኛውን ዓይነት ስህተት ለማስቀረት ነው። ቃሉ ግሪክኛ ነው፤ በአማርኛ «አስመሳይ» ብንለው ስድብ ይሆናል፤ «ተፈጥሮን የሚከተል» እንበለው። በሶቪየት ዘመን ሞስኮ ላይ የሳማርስኪ ቡድን የጀመረው ነው። ሻሽኮቭ የተባለው ከዚያው ቡድን የነበረ ሰው በኋላ አሜሪካ፣ ሎስ አላሞስ፣ ከባልደረቦቹ ጋር አሳደገው። እ.ኤ.አ. በ2014 ራሱን የቻለ ትልቅ መጽሐፍ ወጥቶለታል። ዋናው ሐሳብ ቀላል ነው። ቦታውን ወደ ክፍሎች ትከፍላለህ፤ በውስጣቸው ያለውን መጠን ለየክፍሉ፣ የሚፈሰውን ግን በክፍሎቹ መሐል ባለው ድንበር ላይ ትጽፋለህ። በአንድ ድንበር ላይ አንድ ቁጥር ብቻ! ያው ቁጥር ከአንዱ ይቀነሳል፣ ለሌላው ይደመራል። እርምጃህ ቢረዝምም ቢያጥርም ድምሩ አይነቃነቅም። ክፍሎቹም ካሬ መሆን የለባቸውም፤ እንደ ወረዳ ካርታ የተጣመሙ ቢሆኑም ይሠራል። የከርሰ ምድር ውኃ ባለሙያዎች የሚወዱትም ለዚሁ ነው፤ ቀብሪ በያህ ውኃ የሚሄድለትን የጀረር ሸለቆን ዓይነት ቦታ፣ አሸዋው ውኃ የሚያሳልፍበት ሸክላው የሚይዝበት ሆኖ፣ በካሬ ካሬ መክፈል አይመችም።

እንግዲህ ወደ ክትባት እንምጣ። የፋፋን ዞንን አስቡት፦ ጅግጅጋ፣ አውበሬ፣ ቱሊ ጉሌድ፣ ቀብሪ በያህ፣ ሐርሺን። አርብቶ አደሩ የጉንና የከረንን ዝናብ፣ ብርካው ውስጥ የቀረውን ውኃ፣ የግጦሹን ሁኔታ እያየ ይንቀሳቀሳል። ለምሳሌ አውበሬ «50 ልጆች ወጥተዋል» ብሎ ከዕቅዱ ቀነሰ፤ ጅግጅጋ ደግሞ በራሱ ቆጠራ «30 ገብተዋል» አለ። ሁለቱም ቅጽ በየራሱ የተሟላ ነው፤ ሽፋኑም በመቶኛ ሲሰላ ያማረ ነው። 20 ልጆች ግን በየትኛውም ወረቀት ላይ የሉም። ኩፍኝ ደግሞ ወረቀት አያነብም፤ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያገኛቸው እነዚህን ነው። ከርማክና ማኬንድሪክ እ.ኤ.አ. በ1927 ያወጡት የወረርሽኝ ቀመር እንኳ በቀላል መልኩ የሚቆመው ተጋላጭ፣ ታማሚና ያገገመ ተደምረው ሁሌም ያንኑ ሕዝብ ይሰጣሉ በሚለው ላይ ነው። ሰው የሚጠፋበት መዝገብ ይዘን ኮምፒውተሩ የቱንም ያህል ቢረቅ ምን ይሠራልናል?

እኔ የምለው እንግዲህ ቆጠራው ከወረዳው ቢሮ ወጥቶ መንገዱ ላይ ይሁን ነው። ከአውበሬ ወደ ጅግጅጋ አንድ የጋራ መዝገብ፣ ሁለቱም ወረዳዎች የሚፈርሙበት። የልጁ ካርድ እዚያ ሲመዘገብ አውበሬ የሚቀንሰው ጅግጅጋ የተቀበለውን ብቻ ይሆናል፤ ያልደረሰው ልጅ ከአውበሬ ዕቅድ አይሰረዝም፣ ይፈለጋል እንጂ። ሥራ ይጨምራል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ጫና ቀድሞውንም ከአቅም በላይ ነው። ስለዚህ ሌላ አንድ ቅጽ ይወገድላቸው፤ የትኛው እንደሆነ እነሱ ይነግሯችኋል።

ያስቸገረኝ የዳር ጉዳይ ነው። የስሌት ክፍሎቹ የሆነ ቦታ ማለቅ አለባቸው። በካርታችን ቶጎ ውጫሌ ላይ ያልቃሉ፤ ሰዎቹ ግን አያልቁም፣ ዘመድ ወዲያም ወዲህም አለ። ሐርቲሼክን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፦ እ.ኤ.አ. በ1988 ከሐርጌሳ ጦርነት የሸሸ ሕዝብ ሰፍሮበት፣ ካምፑ በ2004 ተዘጋ። ድንበሩን እንደ ግድግዳ አድርጎ የሚያሰላ ሰው ያን ሁሉ ሕዝብ አያየውም። ክፍት ነው ብለን ደግሞ ዝም ብንል ድምሩ ይፈስሳል። እዚያ ላይ የሚጻፈውን ቁጥር ከማዶ ካሉ ክሊኒኮች ጋር ካልሆነ ለብቻችን ልናገኘው አንችልም።

ይኼ ለሐኪም ብቻ የሚተው አይደለም። የሒሳብ ክፍላችን የመመረቂያ ርእስ የሚፈልግ የማስተርስ ተማሪ ካለው ይላክልኝ። ካርታው አለ፣ መንገዶቹም ይታወቃሉ። ሻዩን በግመል ወተት እኔ እጋብዛለሁ።