የደቀቀ አከርካሪ፦ ከሕክምናው በፊት ምክንያቱ



የዛሬው ንግግሬ በአንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል። የአከርካሪ አጥንት ተጨፍልቆ ባገኘነው ጊዜ፣ ሕክምና ከመጀመራችን አስቀድሞ «ለምን ተጨፈለቀ?» ብለን እንጠይቃለንን?

አከርካሪ እንደ ካብ የተደራረቡ 24 ተንቀሳቃሽ አጥንቶች አሉት። የአንዱ የፊት ክፍል ሲደቅ ካቡ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ቁመት ያጥራል፤ ጀርባ ይጎብጣል።

በሀብሩ ወረዳ ሦስት ሕሙማን አሉ እንበል። የመጀመሪያዋ የወር አበባቸው ከተቋረጠ ዓመታት ያለፏቸው እናት ናቸው፤ ውኃ የሞላ ጀሪካን ሲያነሱ ወገባቸው በድንገት ተያዘ። ሁለተኛው በመርሳ አካባቢ ከማንጎ ዛፍ የወደቀ ወጣት ነው። ሦስተኛዋ ወራት የቆየ የጀርባ ሕመም፣ የሌሊት ላብና ክሳት ያለባት ልጅ ናት። ራጁ በሦስቱም የደቀቀ አጥንት ሊያሳይ ይችላል፤ ሕክምናቸው ግን ይለያያል።

ለእናቲቱ ማስታገሻ፣ አጭር ዕረፍት፣ ቶሎ መንቀሳቀስና የሳሳውን አጥንት ማከም ይገባል። ለረጅም ጊዜ መተኛት አጥንትንም ጡንቻንም ያደክማል። ወጣቱ ጀርባው ሳይታጠፍ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ፤ ወጌሻ አይሸው። የልጅቱ ምልክቶች ወደ አከርካሪ ቲቢ ያመለክታሉ። ቲቢ ብዙውን ጊዜ ሁለት ጎረቤት አጥንቶችንና በመካከላቸው ያለውን ዲስክ ይበላል፤ በአጥንት መሳሳት ግን ዲስኩ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል፤ ወራት ይፈጃል፤ ሊቋረጥ አይገባም። በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ ካንሰርም ምክንያት ሊሆን እንደሚችል አይዘንጋ።

የመዘግየትን ዋጋ የሚያሳይ ምስክር በአገራችን አለ። በአዲስ አበባ የሚሠሩት አሜሪካዊ ሐኪም ሪክ ሆድስ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቲቢና በሌሎች ምክንያቶች አከርካሪያቸው የተጣመመ ወጣቶችን ወደ ጋና እየላኩ፣ በቀዶ ሐኪሙ ኦሄኔባ ቦአቺ አጄይ ሲያሳክሙ ቆይተዋል። በጊዜው ቢታወቅ በጤና ጣቢያ ኪኒን ሊገታ ይችል የነበረ ጉብጠት፣ ሲዘገይ ድንበር የሚያሻግር ከባድ ቀዶ ሕክምና ጠየቀ።

ስለዚህ፣ ተማሪዎቼ፣ ነገ በጤና ጣቢያ ስትመደቡ «ወገቤን» ላለ ሁሉ ማስታገሻ ጽፋችሁ አትሸኙ። ትኩሳቱን፣ ክሳቱን፣ ውድቀቱን ጠይቁ፤ እግሩን አስነሥታችሁ ጉልበቱን መርምሩ። እግር ከደከመ ወይም ከደነዘዘ፣ ሽንት ከታገደ ወይም ካመለጠ፣ ኅብለ ሰረሰር ተነክቷል ማለት ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ አይሰጥም፤ በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል ይላክ። መጉበጥ ሁልጊዜ የእርጅና ፍርድ አይደለም።