የግል ትምህርት ቤት ተማሪ ሲቀበል ዘርን መጠየቅ ይገባዋልን?



የትምህርት ዘመን በሚከፈትበት ወራት ልጁን በእጁ ይዞ በግል ትምህርት ቤት በር የሚቆም አባት አንድ ነገር ብቻ ይፈልጋል፤ ይኸውም ልጁ ተመዝግቦ እንዲገባለት ነው። በመመዝገቢያው ጠረጴዛ የተቀመጠው ሰው ግን ብዙ ነገር ይጠይቀዋል። የልጁን ዕድሜ፣ ያለፈውን ዓመት ውጤት፣ ክፍያውንም የመቻል አቅሙን ይጠይቃል። ከእነዚህ ጋራ «ልጁ የማን ወገን ነው?» የሚል ጥያቄ ቢጨመር፣ በወረቀት ተጽፎም ሆነ ከስሙና ከአነጋገሩ ተገምቶ፣ ፍርዱ ቅን ነው ወይስ አድልዎ? ይህ ንግግር የሚመረምረው ይህን ነው። የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በዚህ ነገር ሁለት ወገኖች ይከራከራሉ። አንደኛው ወገን፣ የግል ትምህርት ቤት የባለቤቱ ንብረት ስለ ሆነ፣ ሰው በቤቱ የሚያስተናግደውን እንግዳ እንደሚመርጥ ሁሉ እርሱም የወደደውን ይቀበል፣ ያልወደደውን ይመልስ ይላል። ሁለተኛው ወገን፣ ዘር የሚለው ጥያቄ ምክንያቱ ምንም ቢሆን ከመዝገብ ላይ ፈጽሞ ይሠረዝ ይላል። የፊተኛው አሳብ አንድ ነገር ዘንግቷል። ትምህርት ቤት ከመንግሥት ፈቃድ ተቀብሎ፣ በአደባባይ ተማሪ ጠርቶ፣ በአገሩ ሁሉ የሚታመን የምስክር ወረቀት የሚሰጥ ከሆነ፣ የግል የሆነው ሕንፃውና ገንዘቡ ነው እንጂ ሥራው የሕዝብ ሥራ ነው። የኋለኛው አሳብ የዘነጋው ነገር ደግሞ ወደ ኋላ ይታያል።

በመጀመሪያ የጎረቤት አገር ታሪክ ይታይ። በኬንያ በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን ትምህርት ቤቶች የአውሮፓውያን፣ የእስያውያንና የአፍሪካውያን እየተባሉ ተከፍለው ነበር። በ1931 በናይሮቢ የተከፈተው የዌልስ ልዑል ትምህርት ቤት ለአውሮፓውያን ወንዶች ልጆች ብቻ የተመደበ ነበር። አገሪቱ በ1963 ነጻ ከወጣች በኋላ፣ በፕሮፌሰር ሲሚዮን ኦሚንዴ የተመራው ኮሚሲዮን በ1964 ባቀረበው መግለጫ በዘር የተከፋፈለው ትምህርት አንድ እንዲሆን መከረ። በሩም ተከፈተ። ዳሩ ግን ቀድሞ የአውሮፓውያን በነበሩት ትምህርት ቤቶች ክፍያው ከፍ እንዳለ ስለ ቆየ፣ የድኻው ልጅ በዘሩ ያልተከለከለውን በገንዘብ እጦት ተከለከለ። በሌላ በኩል በዚያው በናይሮቢ በ1961 የተቋቋመው የስትራዝሞር ኮሌጅ፣ የግል ሲሆን፣ ነጻነት ገና ሳይመጣ የየዘሩን ተማሪ በአንድነት ተቀበለ። በዚህም የግል መሆን ለማግለል ምክንያት እንደማይሆን በሥራ ታየ።

በአሜሪካም ይኸው ክርክር እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደርሷል። በቪርጂኒያ ግዛት የነበሩ ሁለት የግል ትምህርት ቤቶች ጥቁር ልጆችን አንቀበልም ስላሉ ወላጆች ከሰሱ። ፍርድ ቤቱም በ1976 በሰባት ድምፅ በሁለት ላይ፣ በ1866 የወጣው የዜግነት መብት ሕግ የግል ትምህርት ቤትንም ይገዛል ሲል ፈረደ።

የኢትዮጵያን ልጆች የሚነካ ምሳሌም አለ። በ2009 በነሐሴ ወር፣ የትምህርት ዘመን ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በእስራኤል በፔታሕ ቲክቫ ከተማ የመንግሥት ድጎማ የሚቀበሉ ሦስት የግል የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተ ሰቦችን ልጆች ለመመዝገብ እምቢ አሉ። ወላጆች ተቃወሙ፤ መንግሥትም ድጎማውን እንደሚያቋርጥ አስጠነቀቀ፤ በመጨረሻም ልጆቹን በየትምህርት ቤቱ ለማከፋፈል ስምምነት ተደረገ። ስምምነቱ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ሌሎች ልጆች ደብተራቸውን በሚያዘጋጁበት ሳምንት «አንፈልጋችሁም» የሚል ቃል የሰማ ልጅ፣ ይህን የመጀመሪያ ትምህርቱ አድርጎ መያዙ አይቀርም።

እስከዚህ ድረስ ፍርዱ ቀላል ይመስላል። አስቸጋሪው ነገር የተበደለው ወገን ራሱ ለልጆቹ ትምህርት ቤት ሲያቆም ነው። የሐዋይ ደሴቶች ልዕልት በርኒስ ፓዋሂ ቢሾፕ በ1884 ስትሞት፣ ሰፊ ርስቷን ለትምህርት ቤት ተናዘዘች። የወንዶቹ ትምህርት ቤት በ1887፣ የሴቶቹ በ1894 ተከፈተ፤ ስሙም ካሜሃሜሃ ተባለ። የአገሩ ተወላጅ ሕዝብ ከውጭ በመጣ በሽታ እጅግ ተመናምኖ ነበር፤ በ1893 ንግሥቲቱ ከዙፋን ወረደች፤ በ1896 በወጣ ሕግ ደግሞ እንግሊዝኛ የትምህርት ቋንቋ እንዲሆን ታዘዘ። ትምህርት ቤቱ ለተወላጆች ልጆች ቅድሚያ የሚሰጠው ስለዚህ ነው። በ2003 ግን ተወላጅ ስላልሆነ ያልተመዘገበ አንድ ተማሪ ከሰሰ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2005 ለከሳሹ፣ በ2006 ደግሞ በሙሉ ችሎት ስምንት ለሰባት በሆነ ድምፅ ለትምህርት ቤቱ ፈረደ፤ ነገሩም በ2007 በእርቅ አለቀ።

ስምንቱ ዳኞች የተመለከቱት፣ የተወላጆቹ ልጆች በትምህርት ወደ ኋላ መቅረታቸውን፣ ሌሎቹም ልጆች በደሴቶቹ የሚማሩበት ሌላ ትምህርት ቤት ያላቸው መሆኑን፣ ቅድሚያውም ጉድለቱ እስኪሞላ ድረስ የሚቆይ መሆኑን ነው። ሰባቱ ዳኞች ያነሡትም ተቃውሞ የሚናቅ አይደለም፤ በ1893 ለተደረገው ነገር ከሌላ አገር የመጣ የሠራተኛ ልጅ ዕዳ የለበትምና። ልዕልቲቱም በኑዛዜዋ ቅድሚያውን የጠራችው ለሙት ልጆችና ለችግረኞች የሚሰጠውን ርዳታ በተናገረችበት ቃል ነበር። ስለዚህ ቅድሚያው ለተወላጁ ድኻ በሚደርስበት ጊዜ ምክንያቱ ጠንካራ ነው፤ ለተደላደለው በሚደርስበትና ሌላውን ሁሉ በሚዘጋበት ጊዜ ግን ምክንያቱ እየላላ ይሄዳል።

በ2023 የአሜሪካ ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ የግል በሆነው በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ላይ ሲፈርድ፣ ዘርን የሚመለከተው አሠራር የሚለካ ግብና የታወቀ መጨረሻ የለውም ብሏል። ያን ክስ ያቀረበው ማኅበር በ2025 በካሜሃሜሃ ትምህርት ቤቶች ላይ አዲስ ክስ አቅርቧል። እንግዲህ ክርክሩ የትናንት ብቻ አይደለም።

ታዲያ ሚዛኑ ምንድን ነው? የዩኔስኮ ጉባኤ በ1960 በትምህርት ስላለ አድልዎ ያጸደቀው ስምምነት ጥሩ መንገድ ያሳያል። ስምምነቱ የግል ትምህርት ቤት እንዲኖር የሚፈቅደው፣ ዓላማው አንድን ወገን ማግለል ሳይሆን መንግሥት በሚሰጠው ትምህርት ላይ ሌላ መጨመር ሲሆን ነው። የኬንያም የ2010 ሕገ መንግሥት በአንድ በኩል መንግሥትም ሆነ ግለሰብ በጐሣ ምክንያት እንዳያዳላ ይከለክላል፤ በሌላ በኩል ወደ ዳር ለተገፉ ሕዝቦች ልዩ የትምህርት ዕድል እንዲሰጥ ያዝዛል። ሁለቱ ቃላት እርስ በርሳቸው አይጣሉም። ዘርን ፈጽሞ አትጠይቁ የሚለው ወገን የዘነጋውም ይህን ነው፤ በደሉ በዘር ተቈጥሮ የተፈጸመ ከሆነ፣ ካሣው ያን ቈጠራ ሳያይ ሊደርስ አይችልምና።

ስለዚህ ሚዛኑ ደጅ የቀረው ልጅ ነው። አስተዳዳሪው ከመፍረዱ በፊት ራሱን በዚያ ልጅ አባት ስፍራ አቁሞ ይጠይቅ። ይህ ልጅ ቢመለስ የሚሄድበት ተመጣጣኝ ትምህርት ቤት አለውን? ቅድሚያ የተሰጠው ወገን በእርግጥ የተጐዳ ነውን፣ ወይስ ቀድሞም የጠገበ ነው? ቅድሚያውስ የሚያበቃበት ጊዜ ተወስኗልን? ለእነዚህ በአባትየው ፊት ሳያፍር ሊመልስ የሚችል ትምህርት ቤት ዘርን ቢጠይቅ ቅን ፍርድ አደረገ ማለት ይቻላል፤ የማይችል ግን አድልዎውን በደንብ ስም ሸፍኖታል።

በየትምህርት ቤቱ የሚፈጸመው አድልዎ ብዙውን ጊዜ በወረቀት ላይ አይገኝም። በቃለ መጠይቅ የልጁን አነጋገር ሰምቶ ነጥብ መቀነስ፣ ስሙን አይቶ «ቦታው ሞልቷል» ማለት፣ ለዘመድ የተከፈተውን የዘገየ ምዝገባ ለሌላው መዝጋት፣ እነዚህ ሁሉ ዘርን ሳይጠሩ ዘርን ይቈጥራሉ። መድኃኒቱም በእጅ ያለ ነው። የመቀበያው ደንብ ተጽፎ በበሩ ላይ ይለጠፍ፤ ፈተናው የልጁ ስም ተሸፍኖ ይታረም፤ ልጁ የተመለሰበት ምክንያት በጽሑፍ ለወላጁ ይሰጥ፤ ነጻ የትምህርት ዕድልም አስቀድሞ በድኽነትና በመንገድ ርቀት ይመዘን። መምህራንን የሚያሠለጥኑ ትምህርት ቤቶችም ይህን ደንብ ከማስተማር ዘዴ ጋራ አብረው ያስተምሩ፤ ዛሬ በእጩነት የተቀመጠው ወጣት ነገ በመመዝገቢያው ጠረጴዛ ይቀመጣልና።