ሐረጎን በወረቀት ላይ



የደሴ ፒያሳን ልጅ እዚሁ ፒያሳ ላይ ለእናንተ ለተመራቂዎች እንድናገር ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ዕድሜዬን የገፋሁት ለዜና ካርታ፣ ግራፍና ሥዕል በመሥራት ነው። ከዚህ ሙያ እስከ ዛሬ የሚከብደኝን አንድ ነገር ላንሳ።

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመካከላቸው ያለው የሐረጎ ቁልቁለት መንገድ ካርታ ላይ አንድ ጠመዝማዛ መስመር ብቻ ነው፤ ቁልቁለቱ አይታይም። እናንተ ከባድ መኪና ያንን መንገድ በፍሬን ሳይሆን በማርሽ ተይዞ እንደሚወርድ ታውቃላችሁ። እዚያ ስለደረሰ አደጋ ጋዜጣ ላይ የሚያነበው የጅማ ሰው ግን ከየት ያውቃል? እንግዲያው መንገዱን ከጎን እናሳየው ብለን 25 ሴንቲ ሜትር ወረቀት ላይ ዘረጋነው እንበል። የሁለቱ ከተሞች የከፍታ ልዩነት 600 ሜትር ገደማ ነው። በዚያው ስኬል ስትስሉት 6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሐረጎ ሜዳ ሆነ! በልኩ አልዋሸንም፤ አንባቢው ግን ሐረጎን አላየም።

ስለዚህ ከፍታውን 10 እጥፍ እናጎላዋለን። ያን ጊዜ ቁልቁለቱ ቁልቁለት ይመስላል። ነገር ግን «ከፍታው 10 እጥፍ ጎልቷል» ብለን ሥዕሉ ላይ ካልጻፍን፣ ለሰውየው የሌለ ገደል አሳየነው ማለት ነው። ቦታ ሲጠብ መጀመሪያ የምትወጣው ይህቺው ጽሑፍ ናት። ተሟገቱላት። አርዕስቱ ይጠር እንጂ እሷ አትውጣ።

ማጉላት በራሱ ነውር አይደለም። የዓድዋን ጦርነት የሳሉ ባህላዊ ሠዓሊዎቻችን የእኛን ሰው በሙሉ ፊቱ፣ ጠላትን በአንድ ዓይኑ ይስሉ ነበር፤ ተመልካቹም ደንቡን ያውቃል። የጋዜጣ አንባቢ ግን የእኛን ደንብ የሚያውቀው ከነገርነው ብቻ ነው። ካርቱንም ያጎላልና፣ ገና ክስ ብቻ የተመሠረተበትን ሰው በካርቱን ወንጀለኛ አታስመስሉት የምለውም ለዚህ ነው።

ለወሎ ልጅ እውነትን በልኩ የማሳየት ሥራ ቀላል ነገር አይደለም። በ1965 ዓ.ም. ረሃብ ይህን ምድር ሲፈጅ መንግሥት ሸሽጎት ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን መጥተው ፎቶ አነሡ፤ ግቢያቸው ውስጥም ለዕይታ አቀረቡት። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1977 የነበሩትን 20 ዓመታት ይዘው፣ ረሃብ የነካቸውን አውራጃዎች እየለዩ አጠኑ። ፎቶው የአንድን ቀን ፊት ያሳየናል። ያው አውራጃ ደጋግሞ መራቡን የሚያሳየን ግን እንዲህ ዓመት በዓመት የተሰበሰበ መረጃ ነው። ሁለቱም ያስፈልጉናል፤ ሁለተኛውን የሚሠራ ሰው ግን እጅግ አንሶናል፤ ይህም ያሳስበኛል።

እናም ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ከመሄዳችሁ በፊት እዚሁ ደሴ ሰኞ ገበያ ውረዱ። የጤፍና የማሽላ ዋጋ በየሳምንቱ መዝግቡ። ከነጋዴ ይሁን ከገበሬ፣ በኩንታል ይሁን በኪሎ እንደጠየቃችሁ ጻፉ። ግራፉን ከዜሮ ጀምሩት። ዋጋ ያላገኛችሁበት ሳምንት ላይ መስመሩን አቋርጡት፤ በግምት አትቀጥሉት። ለምን እንደተቋረጠም ከሥሩ አስፍሩ። መንገድ ተዘግቶ ከሆነ፣ የዚያ ሳምንት ዜና እሱ ነው።