የንጉሠ ነገሥቱ አሟሟት
(በካርቱም፣ በቡሪ ሰፈር ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጥር 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው የገቡት ከዚህች ከካርቱም ተነሥተው ስለ ሆነ፣ በቡሪ ያሉ ተማሪዎቻችን ስለ አሟሟታቸው መጠየቃቸው አይቀርም። ደርግ ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. በሕመም ዐረፉ አለ፤ ሕመሙንም ከፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ጋራ አያያዘው። ሐኪማቸው ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ግን ይህን አልተቀበሉትም። አስከሬኑ ያለ ሥርዓተ ቀብር ተሰወረ፤ ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ተቆፍሮ ወጣ፤ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐረፈ። ዐቃቤ ሕግ ታንቀው ተገደሉ ሲል ከሰሰ፤ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ካዱ። እኔ ወደ ዐቃቤ ሕጉ አደላለሁ፤ በሕመም የሞተን ሰው በስውር መቅበር ምን ያስፈልጋል? ይህ ግን የእኔ ግምት ነውና በሰሌዳው ላይ ሁለቱንም ቃል ከነተናጋሪው እጽፋለሁ።