ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይን ከሶዶ ሆነን ስናስባቸው
(ለተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ስለ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ሕይወት ጥቂት ልንነግራችሁ ተነሥተናል። «የአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ታሪክ ከዳሞታ ተራራ ሥር ለምን ይነገራል?» የሚል ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ከንግግራችን ያገኘዋል።

ጄኔራል መንግሥቱ ከሸዋ መኳንንት፣ ከሞጃ ቤተሰብ የተወለዱ ናቸው። የወታደርነትን ትምህርት በሆለታ ጀመሩ። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ተሰደው በሱዳን ከቆዩ በኋላ ነጻነት ሲመለስ ወደ አገራቸው ገቡ። ደረጃ በደረጃ ከፍ ብለውም የክብር ዘበኛ ዋና አዛዥ ሆኑ። ይህ ጦር የንጉሠ ነገሥቱን ሕይወት የሚጠብቅ ነበር፤ ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃም ከእርሱ የተውጣጣ ነበር። እንግዲህ ለዚህ ሰው ምን ጎደላቸው? ዘር አላቸው፣ ማዕረግ አላቸው፣ የንጉሡ እምነት አላቸው።

ታናሽ ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ ግን በሌላ መንገድ ሄዱ። በአሜሪካ በዊስኮንሲንና በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች ተምረው ሲመለሱ፣ ያን ጊዜ የወላሞ አውራጃ ይባል ለነበረው ለዚህ አገር ገዢ ሆነው ወደ ሶዶ መጡ። እዚህ ያገኙት ምን ነበር? ካዎ ቶና በ1887 ዓ.ም. ከተሸነፉ ወዲህ መሬቱ ለሹማምንትና ለወታደሮች ተከፋፍሎ ባላገሩ ገባር፣ ከዚያም ጭሰኛ ሆኖ ነበር። ግርማሜ ባዶውን የመንግሥት መሬት መሬት ለሌላቸው ማደል ጀመሩ፤ ትምህርት ቤትና መንገድ እንዲሠራ አስተባበሩ። ባለመሬቶች ተቆጥተው ክስ ወደ አዲስ አበባ ላኩ። ገዢውም ተነሥተው ወደ ጅጅጋ ተዛወሩ።

የሶዶ ነገር እዚህ ላይ ነው። ግርማሜ የተማሩት ትምህርት በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በዚህ መሬት ላይ ተፈተነ፤ አንድ ደግ ገዢ ቢመጣም የበላዩ ሥርዓት ካልተለወጠ ሥራው እንደማይጸና ታየ። ወንድማማቾቹም ወደ ላይኛው ወንበር ዞሩ።

ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ጉብኝት ላይ ሳሉ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ማታ የክብር ዘበኛ ዋና ዋና ሹማምንትን ያዘ። በማግስቱ አልጋ ወራሹ በሬዲዮ የአዲስ መንግሥት መግለጫ አነበቡ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ታኅሣሥ 6 ቀን ለአመፁ ድጋፍ ሰልፍ ወጡ። ነገር ግን ምድር ጦርና አየር ኃይል ከዘውዱ ጋር ቆሙ፤ አቡነ ባስልዮስም አመፁን አወገዙ። ሽንፈት በቀረበ ጊዜ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው ከነበሩት 15 የሚሆኑ ታላላቅ ሰዎች ተረሸኑ። ከእነርሱ መካከል ራስ አበበ አረጋይ በአምስቱ ዘመን ለሸዋ አርበኞች መሪ የነበሩ ናቸው። ሜጀር ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ ደግሞ ቀድሞ የክብር ዘበኛ አዛዥ የነበሩ፣ በአመፀኞቹ ሬዲዮም የጦር ኃይሎች ኤታ ማዦር ሹም ሆኑ የተባለላቸው ነበሩ።

ግርማሜ በሽሽት ላይ ሞቱ፤ ሬሳቸውም በአዲስ አበባ ተሰቅሎ ለሕዝብ ታየ። ጄኔራል መንግሥቱ ቆስለው ተያዙ፤ ተፈረደባቸው፤ ይግባኝ ሳይጠይቁ መጋቢት 21 ቀን 1953 ዓ.ም. በስቅላት ተቀጡ።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ በእኚህ ሰው ላይ ሁለት ፍርድ ይሰማል። አንዱ «ያጎረስኩት እጄን ነከሰኝ» የሚለው ነው። ለዚህ የምንመልሰው፣ የቤተ መንግሥቱ ጉርሻ ከማን ማሳ እንደመጣ የወላይታ ጭሰኛ ያውቀዋል ብለን ነው። ሁለተኛው፣ ጄኔራሉን እንከን የሌለባቸው ሰማዕት የሚያደርገው ነው። ይህንንም አንቀበልም። መሣሪያ የሌለውን እስረኛ መግደል በየትኛውም ዓላማ አይታጠብም።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበን ግን ሌላ ነው። የወላይታ ገበሬ ስለ እርሱ ተነሣን ባሉት ሰዎች ምክር ውስጥ አልነበረም። ግርማሜ ሶዶ ላይ ከገበሬው ጋር የጀመሩት ሥራ አዲስ አበባ ላይ የጥቂት መኮንኖች ምሥጢር ሆነ። ለዚህም ነው በሦስት ቀን የፈረሰው። የመሬቱ ጥያቄ ግን አልሞተም፤ በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ይዘውት ወጡ፤ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። ደም የፈሰሰበት ገነተ ልዑልም ለዩኒቨርሲቲ ተሰጥቶ የተማሪ መዋያ ሆነ።

ነገ ከመካከላችን መሐንዲስ፣ ሐኪም፣ ዳኛ፣ መኮንን የሚሆን አለ። ሹመትም ጉርሻም ይመጣል። ያን ጊዜ የጄኔራሉን ድፍረት እንመኝ፤ ነገር ግን ሕዝቡን ሳንጠይቅ ስለ ሕዝቡ ከመወሰን፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ በእጃችን የገባውን ሰው ከመግደል እንጠበቅ።