አንድ ጊዜ ብቻ የሚታተም ሥዕል
(በሬዲዮ የተነገረ)



ዛሬ ማታ የምነግራችሁ ስለ ታላቅ ጉዳይ አይደለም። ወላጅና ልጅ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው፥ በማእድ ቤት ትሪ ላይ በረጋ ጄላቲን ሊጫወቱት ስለሚችሉት የኅትመት ሥራ ነው። ነገር ግን ጨዋታው ትንሽ ቢመስልም፥ ወደ እርሱ ያደረሰኝ ምክንያት ትንሽ አልነበረምና አስቀድሜ ይህነኑ ልንገራችሁ።

የሰባት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። አንድ ቀን ከመሥሪያ ቤት ስመለስ ተቀምጣ ሥዕል ስትሥል አገኘኋት። አንድ መስመር ትሥላለች፤ በላጲስ ታጠፋለች፤ ደግማ ትሥላለች፤ ደግማ ታጠፋለች። በመጨረሻ ወረቀቱ ተቀደደና አለቀሰች። ምን ሆንሽ ብዬ ብጠይቃት «አባባ፥ ተበላሸብኝ፤ አይቆጡኝ» አለችኝ።

ይህ ቃል ያን ሌሊት እንቅልፍ ነሣኝ። ይህን ፍርሀት ማን አስተማራት ብዬ ብመረምር ከራሴ በቀር ሌላ ሰው አላገኘሁም። እኛ የጽሕፈት ቤት ሰዎች ቀኑን ሙሉ ስሕተት ስንፈልግ እንውላለን። ስርዝ ድልዝ ያለበት ደብዳቤ አይፈረምም፤ ድምሩ ያልገጠመ ሒሳብ ወደ መጣበት ይመለሳል። ይህም ለሥራው ተገቢ ነው። ጥፋታችን ይህንኑ ዐይን ይዘን ወደ ቤታችን መግባታችንና የልጅን ጨዋታ እንደ ደብዳቤ መመርመራችን ነው። ከዚህም የተነሣ ስሕተት የማያስቆጣበት አንድ ሥራ ከልጄ ጋር ለመሥራት ፈለግሁ፤ ያገኘሁትም የጄላቲን ኅትመትን ነው።

ጄላቲን ምንድር ነው? የእግር ቅቅል መረቅ ሲያድር እንደሚረጋ ሁላችሁም አይታችኋል። ያ የሚያረጋው ነገር ከአጥንት፥ ከቆዳና ከጅማት የሚወጣ ነው፤ ተጣርቶና ደርቆ ዱቄት ሲሆን ጄላቲን ይባላል። ከከብትም ከዐሣማም የሚሠራ ስለ ሆነ፥ በዚህ ረገድ የሚጠነቀቅ ሰው በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን አስቀድሞ ያንብብ።

ነገሩ ለጽሕፈት ቤት ሥራ ባዕድ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ጽሑፋቸውን ያባዙ የነበረው ከጄላቲንና ከግሊሰሪን በተሠራ ሰሌዳ ነበር። በልዩ ቀለም የተጻፈው ወረቀት በሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ ጽሑፉ ወደ ጄላቲኑ ይሻገራል፤ ከዚያም ንጹሕ ወረቀት በየተራ እያሳረፉ ቅጂ ያወጣሉ። መሣሪያው ሄክቶግራፍ ይባል ነበር፤ ስሙም በግሪክ ቋንቋ «መቶ» ከሚለው ቃል የተገኘ ነው። እኛ ግን ሰሌዳውን የምንፈልገው ለተቃራኒው ጉዳይ፥ ሁለተኛ የማይገኝለትን ሥዕል ለማውጣት ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። 20 በ25 ሳንቲሜትር ለሚሆን ዝርግ ትሪ 1 ሊትር ውሃና 8 የሾርባ ማንኪያ ጣዕም የሌለው የጄላቲን ዱቄት ይበቃል። ዱቄቱን በግማሽ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ነስንሳችሁ 10 ደቂቃ ያህል እስኪያብጥ ተዉት። ከዚያ በኋላ የቀረውን ግማሽ ሊትር በጣም አሙቃችሁ ጨምሩበትና ዐረፋ እንዳያወጣ በዝግታ አማስሉት። ፈጽሞ ሲሟሟ በትሪው ላይ አፍስሱት፤ ከላይ የሚንሳፈፈውን ዐረፋ በጋዜጣ ቁራጭ ጠርጋችሁ አንሡ። በማቀዝቀዣ ውስጥ ሲያድር ሁለት ሳንቲሜትር ያህል ውፍረት ያለው፥ እንደ ሕፃን ጉንጭ የለሰለሰ ሰሌዳ ይሆናል። በማቀዝቀዣ ቢቀመጥም ከጥቂት ቀን በኋላ ይሻግታል። ለወራት እንዲቆይ የሚፈልግ ሰው ከውሃው ከፊሉን ትቶ በምትኩ ከመድኃኒት ቤት የሚሸጠውን ግሊሰሪን ያግባበት። ቀለም የነካውን ጄላቲን ማንም እንዳይቀምሰው፥ ትሪውም ወደ ምግብ ሥራ እንዳይመለስ ተጠንቀቁ።

ለኅትመቱ በውሃ የሚቀጥነው አክሪሊክ የተባለው ቀለም፥ አንዲት ትንሽ የቀለም ሮለርና ወረቀት ያስፈልጋሉ። ወረቀቱን ግን ከመሥሪያ ቤት አታምጡ፤ የመንግሥት ወረቀት ለመንግሥት ሥራ ነው። ቀለሙን በሮለር እጅግ አሳስታችሁ በሰሌዳው ላይ ዘርጉ። በላዩ ቅጠል፥ ሲባጎ ወይም የተቀደደ ጥልፍ አኑሩበት። ከዚያም ወረቀቱን አልብሳችሁ በመዳፋችሁ ቀስ አድርጋችሁ አሹትና ግለጡት።

እኔና ልጄ የጀመርነው ከደጃችን በቀጠፍነው የጽጌ ረዳ ቅጠል ነበር። ቀለሙን አብዝቼው ኖሮ የመጀመሪያው ኅትመት በአንድ ወገን ተጨማለቀ፤ ቅጠሉ የነበረበትም ስፍራ ነጭ ሆኖ ቀረ። ልጅቱ ወረቀቱን ሳይሆን ፊቴን ተመለከተች። እኔም ዝም ብዬ ቅጠሉን ከሰሌዳው ላይ አነሣሁና ሌላ ወረቀት እንድታለብስ ሰጠኋት። በሁለተኛው ወረቀት ላይ ከቅጠሉ ሥር የቀረው ቀለም ወጣ፤ የቅጠሉ ጅማቶችና የጠርዙ ጥርሶች ሳይቀሩ አንድ በአንድ ታዩ። «አባባ፥ ይህን ማን ሣለው?» ብላ ጠየቀችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

በኋላ እንደ ተረዳሁት ይህን ምሥጢር ታላላቅ ሠዓሊዎችም ያውቁታል። በሳህን ላይ ቀለም ቀብቶ አንድ ሥዕል ብቻ ማተምን በ17ኛው መቶ ዓመት የጄኖቫው ሰው ካስቲሊዮኔ ሠርቶበታል። ፈረንሳዊው ኤድጋር ደጋም በ19ኛው መቶ ዓመት ከአንዱ ሳህን ሁለተኛ ኅትመት ያወጣ ነበር። ይህ ሁለተኛው ደብዛዛ ስለሚሆን ሌላ ሰው ቢሆን ይጥለው ይሆናል፤ ደጋ ግን በፓስቴል ቀለም እየደረበበት አዲስ ሥዕል ያደርገው ነበር። ተረፈ ሥራ የመሰለው ነገር ለሌላ ሥራ መነሻ ሆነለት ማለት ነው።

የተማረችው ልጄ ብቻ አይደለችም። ያ ሁለተኛው ኅትመት እጅግ ደስ ስላሰኘኝ ልክ እርሱን የሚመስል ሌላ ላወጣ ተነሣሁ። ቀለሙን ለካሁ፤ ቅጠሉን በዚያው አኳኋን አኖርሁ፤ ሦስት ጊዜ ሞከርሁ፤ ሦስቱም አልመሰሉትም። በአራተኛው ላይ ልጄ እጄን ያዘችና «አባባ፥ እርሱ አይመለስም፤ ሌላው ይምጣ» አለችኝ። ስንት ዓመት ቅጂን ከዋናው ጋር ሳመሳክር ለኖርሁት ለእኔ ይህ ታላቅ ትምህርት ነው።

ሰሌዳው ከብዙ ጨዋታ በኋላ ሲሰነጠቅም አይጣልም። ቆራርጣችሁ በድስት ካደረጋችሁት በኋላ ድስቱን በሙቅ ውሃ ውስጥ ብታኖሩት ይቀልጣል፤ እንደገና በትሪው ብታፈስሱት እንደገና ይረጋል። ጠባሳውም ሁሉ ይጠፋል።

ክቡራንና ክቡራት አድማጮች፤ በመሥሪያ ቤታችን ስሕተትን መፈለጋችን አይቅር። ወደ ቤታችን ስንገባ ግን ይህንን ልማድ ከኮታችን ጋር አውልቀን በደጅ እንስቀለው። በሳምንት አንዲት ምሽት ከልጆቻችን ጋር እጃችንን ቀለም ብናስነካ፥ ቀለሙ በውሃና በሳሙና ይለቃል። በልጅ ልብ የገባ ፍርሀት ግን በውሃ አይለቅም። ያቺ የተቀደደች ወረቀት ዛሬም በመሳቢያዬ ውስጥ አለች፤ የጽጌ ረዳው ቅጠል ደግሞ በግድግዳችን ላይ ተሰቅሏል።

ደኅና እደሩ።